ኢንግሬቪንግ ምንድን ነው? አባ እንጦንስን አየር ላይ የሰቀለው ወጣት

መጀመሪያ ሥዕሉን እንየው። ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል።

አንድ ፂሙ የረዘመ ሽማግሌ መነኩሴ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ዘጠኝ አጋንንት ከበውታል። አንዱ ልብሱን ይጎትታል፣ አንዱ ክንዱን ጨምድዶ ይዟል፣ ሌላው ዱላ አንስቷል። ክንፍ ያለው አለ፣ ቅርፊት ያለው አለ፣ ገላው ላይ እንደ ጃርት እሾህ የበቀለበት አለ፣ አፍንጫ ይሁን ኩምቢ ያልለየለት ነገር ፊቱ ላይ የተንዠረገገበትም አለ። ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ቋጥኝ ትታያለች፤ ከእሷ ሌላ መሬት የሚባል ነገር የለም። መነኩሴው ግን ፊቱን ብታዩት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ «መምጣቱ መቼም አይቀርም» የሚል ሰው ነው የሚመስለው። አይጮህም። አይታገልም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

መነኩሴው እኛ አባ እንጦንስ የምንለው የግብፁ ቅዱስ ነው። ሠሪው ማርቲን ሾንጋወር ይባላል፤ የኮልማር ልጅ ነው፣ ያኔ ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ወጣት። ኮልማር ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ጀርመንኛ የሚነገርባት የራይን ወንዝ አካባቢ ከተማ ነበረች። ሥዕሉ የተሠራው ከ1470 እስከ 1475 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው (ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከወጣቱ የመጀመሪያ ሥራዎች መሀል ይመደባል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 22 ገደማ። ፎቶ ኮፒ የምናደርግበትን ወረቀት ያህላል በቃ።

ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። በእርሳስ የተሳለም አይደለም፣ በብዕርም አይደለም። መዳብ ላይ ተቆፍሮ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ኢንግሬቪንግ የሚባለው ይሄ ነው። በአማርኛ «የመዳብ ቅርጽ» ብንለው ያስኬዳል፤ ችግሩ «ቅርጽ» ስንል ሐውልትም፣ ድምፅ መቅረጽም፣ የሰውነት አቋምም አንድ ላይ ይመጣብናል። ስለዚህ እያፈራረቅኩ እጠራዋለሁ፣ አንድ ነገር እንደሆነ ያዙልኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ኩሽና እንግባ። የሽንኩርት መክተፊያ አለ አይደል? ዓመት ሙሉ በቢላ የተቦጫጨረው። እሱ ላይ ቀይ ሥር ክተፉበትና በጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ላዩ ይጸዳል። ቢላው በቆረጠው ጭረት ውስጥ ግን ቀዩ ይቀራል። አሁን እርጥብ ሶፍት ከላይ አልብሳችሁ በደንብ ብትጫኑት ሶፍቱ ላይ ምን ይወጣል? ጭረቶቹ። አለቀ። መክተፊያውን ልስልስ ያለ የመዳብ ሰሌዳ አድርጉት፣ ጭረቱን ታስቦበት የተቆፈረ መስመር አድርጉት፣ ቀይ ሥሩን ጥቁር የህትመት ቀለም አድርጉት፤ ኢንግሬቪንግ ሆነ።

የቀበሌ ማህተም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ቀለም የሚይዘው ወጣ ያለው ክፍል ነው፤ የተቆፈረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የእንጨት ቅርጽ የሚባለው የህትመት ዓይነት የሚሠራው እንደ ማህተሙ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ የተስፋፋውም እሱ ነው። ዓመቱ ከተጻፈባቸው የአውሮፓ የእንጨት ቅርጾች ውስጥ አንጋፋ የሚባለው 1423 የሚል ያለበት የቅዱስ ክሪስቶፎር ሥዕል ነው፤ ቅዱሱ ሕፃኑን ክርስቶስን ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር ያሳያል፣ ዛሬ እንግሊዝ አገር ማንችስተር ይገኛል። ከሥሩ በላቲን «የክሪስቶፎርን ፊት ባየህበት ቀን ክፉ ሞት አትሞትም» የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ አለው። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ወይም ድርሳን ኪሱ የያዘ ሰው ያላየ የለም። ያኔ የቅዱሳን ሥዕል ህትመት በዋናነት የሚገዛው ለዚህ ነበር። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሣጥን ክዳን ውስጥ ይጣበቃል፣ መንገደኛ ይዞት ይሄዳል።

መዳቡ ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው። ዓመት ከተጻፈባቸው የመዳብ ቅርጾች የቀደመው 1446 የሚል ያለበት የክርስቶስ ግርፋት ሥዕል ነው። ሾንጋወር አባ እንጦንስን ሲቀርጽ ጥበቡ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ አልሞላውም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። አንድ ጊዜ ይሄን ነገር ልሞክር ብዬ የሳርዲን ቆርቆሮ ክዳን ላይ በሚስማር ድመት ለመሳል ተነስቼ ነበር። ሚስማሩ ቀጥ ባለ መስመር ላይ እሺ ይላል። የድመቷ ጀርባ ጋ፣ ኩርባው ላይ ስደርስ ሸርተት ብሎ አመለጠኝና ድመቷ ከጀርባዋ ጭራ አወጣች። ደግሞም ሚስማር ይጭራል እንጂ አይቆፍርም።

እነሱ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ቡሪን ይባላል። አጠር ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ የተሳለ፣ እጀታው ክብ ሆኖ መዳፍ ውስጥ የሚያርፍ። እንደ ብዕር ወደ ራስ አይጎተትም። እንደ ማረሻ ወደ ፊት ይገፋል። ማረሻ አፈሩን እየገለበጠ እንደሚሄድ ሁሉ ቡሪኑም ከፊቱ ቀጭን የመዳብ ክር እየፈለፈለ ይሄዳል፣ ከኋላው ንጹሕ ቦይ ይተዋል። ጫን ካሉት ቦዩ ይጠልቃል፣ ይሰፋል፣ ብዙ ቀለም ይጠጣል። ቀለል ካደረጉት ይቀጥናል። ለዚህ ነው የመዳብ ቅርጽ መስመር ሾሎ ተነስቶ፣ መሀሉ ላይ ወፍሮ፣ ተመልሶ ሾሎ የሚያልቀው። አንዴ ይሄን ካያችሁ ኢንግሬቪንግን ከእንጨት ቅርጽ መለየት ቀላል ነው።

ኩርባውስ? ሚስጥሩ ይሄ ነው፦ እጅ አይዞርም፣ ሰሌዳው ነው የሚዞረው። መዳቡ አሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ እጅ ቡሪኑን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፣ ሌላው ሰሌዳውን ቀስ እያለ ያዞርለታል። ድመቴ የሞተችው ይሄን ባለማወቄ ነው።

ላጲስ የለም። ከተሳሳትክ መፋቅ፣ ሰሌዳውን ከጀርባ መቀጥቀጥ፣ እንደገና ማለስለስ ነው ያለህ አማራጭ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ የሚቀረው ሻካራ ጠርዝ ተፍቆ ይነሳል። ከዚያ ቀለም ይታሻል፣ ላዩ ተጠርጎ ይጸዳል፣ የረጠበ ወረቀት ይለብስና በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ወረቀቱ የሚረጥበው እንዲለሰልስና ቦዩ ውስጥ ድረስ ገብቶ ቀለሙን እንዲያወጣ ነው። ደህና ቅጂ ላይ መስመሩ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል።

ይሄ ሁሉ የሥዕል ቤት ሥራ አይመስልም፣ አይደል? አይደለምም። የአንጥረኛ ሥራ ነው። የማርቲን አባት ካስፓር አንጥረኛ ነበር፣ ከአውግስቡርግ መጥቶ ኮልማር የተቀመጠ። ልጁ ብረትና ወርቅ ሲቀጠቀጥ፣ ሲፋቅ፣ ሲቀረጽ እያየ ነው ያደገው። አንድ ወቅት ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ነበር፣ በ1465፤ ከዚያ ግን ወደ ሥዕሉና ወደ መዳቡ ዞረ። የብር ጽዋ ላይ ሐረግ መቅረጽ የሚያውቅ እጅ፣ ያንኑ መሣሪያ ይዞ መዳብ ላይ ቅዱስ ቢቀርጽ ምን ይገርማል? ልዩነቱ ጽዋው ራሱ ሥራው ሲሆን፣ መዳቡ ግን እናት መሆኑ ነው። ልጆቹ ወረቀቶቹ ናቸው።

የኛ አንጥረኞችም ይሄን እጅ አያጡትም። ከ15ኛውና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ የነሐስ የመጾር መስቀሎች ላይ እመቤታችን ከነልጇ፣ መላእክት፣ ቅዱሳን በቀጭን መስመር ተቀርጸው ይታያሉ። ብረት ላይ በስል መሣሪያ፣ በመስመር ብቻ የተሠራ ቅዱስ። ከሾንጋወር ሥራ ጋር በዘመንም በእጅ ሥራም ጎረቤት ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የጎደለው አንድ እርምጃ ነው፤ ቀለም አሽቶ ወረቀት መጫን። በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ብራና ነበር፣ መስቀሉም ካህኑ ይዞት የሚወጣ ንዋየ ቅድሳት እንጂ ለማተሚያ የሚሆን ሰሌዳ አልነበረም። ራይን ዳር ግን በወረቀት ላይ ማተም ገበያ ይዞ ነበር፤ ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱሱን ያሳተመባት ማይንስም እዚያው ወንዝ ላይ ናት።

እሺ፣ ወደ አጋንንቱ እንመለስ፣ ምክንያቱም የኔ ሐሳብ ያለው እዚያ ነው።

ኢንግሬቪንግ ውስጥ ግራጫ የለም። ቦዩ ቀለም አለው ወይም የለውም፣ ሌላ ምርጫ የለም። ግራጫ መስሎን የምናየው ሁሉ ዓይናችንን እያታለሉን ነው፦ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ከርቀት ጥላ ይመስላሉ፣ በላያቸው ሌላ ረድፍ መስመር ተሻግሮባቸው ጥላው ይጠቁራል። ይሄን ከሾንጋወር በፊትም ይሠሩበት ነበር። እሱ የጨመረው ሥርዓት ነው፤ መስመሩ ዝም ብሎ ጥቁር ከመሙላት ይልቅ የነገሩን አካል ተከትሎ እንዲታጠፍ አደረገው። ክንዱ ክብ ከሆነ መስመሩ ክንዱን ይዞረዋል። ልብሱ ከታጠፈ መስመሩ አብሮ ይታጠፋል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ይሄን መሣሪያ እጁ ካስገባ በኋላ ምን ያደርጋል? ይፎክራል! እኔ ይሄን ሥዕል የማየው እንደ ፉከራ ነው። አባ እንጦንስን አክብሮ አልሠራውም እያልኩ አይደለም። ግን ዘጠኙን አጋንንት አንድ በአንድ ስታዩዋቸው ሁለቱ አይመሳሰሉም። የአንዱ ገላ ጸጉራም ነው፣ የሌላው የዓሣ ቅርፊት፣ የሌላው እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ የተወጠረ ስስ ቆዳ፣ የሌላው እሾህ። ለእያንዳንዱ የተለየ የመስመር ዓይነት ተፈልጎለታል፤ ለጸጉሩ አጫጭር፣ ለቆዳው ረጃጅምና ሳሳ ያለ፣ ለቅርፊቱ ትንንሽ ቅስት። ልጁ «ቡሪን ምን ምን መሥራት ይችላል?» ብለው የጠየቁት ይመስል መልሱን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ነው ያፈሰሰው። የሰፈር ጎረምሳ ኳስ ተቀብሎ ከማቀበሉ በፊት ሦስት ሰው አታልሎ የሚያልፈውን አስቡ። እንዲያ ነው።

ፉከራው ከልኩ ያላለፈው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰማዩን ባዶ ወረቀት አድርጎ ትቶታል ማለት ይቻላል፤ ያ ሁሉ ግርግር ምንም በሌለበት ነጭ መሀል ነው የተንጠለጠለው፣ ዓይን የሚሸሽበት ዛፍም ቤትም የለም። ሁለተኛው የመነኩሴው ፊት ነው። ጎበዝ መሆኑን ለማሳየት የቸኮለ ሰው ቅዱሱንም ያስጮኸው ነበር።

የታሪኩን ምንጭ ደግሞ የኛ ሰው ከአውሮፓው በተሻለ ሊያውቀው ይገባል። አባ እንጦንስ ጥር 22 ነው የሚታሰበው፣ የመነኮሳት አባት ይባላል። «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ርስቱን የተወ፣ መቃብር ቤት ገብቶ ብቻውን የተጋደለ ሰው ነው። ገድሉን የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ያው አትናቴዎስ። አጋንንቱ እንጦንስን ደብድበው ራሱን እስኪስት ይጥሉታል። ወዳጁ ተሸክሞ ወደ መንደር ይወስደዋል። ሌሊት ሲነቃ «መልሰህ ውሰደኝ» ይለዋል! ይመለሳል። ከዚያ አንበሳው፣ ድቡ፣ ነብሩ፣ እባቡ፣ ጊንጡ ይመጡበታል። በመጨረሻ ብርሃን ሲወርድ «እስካሁን የት ነበርክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም «እዚሁ ነበርኩ፣ ተጋድሎህን ላይ ጠብቄ ነው» የሚል ነው።

አየር ላይ የመንጠልጠሉ ነገር ግን ከዚህ ክፍል የመጣ አይደለም። ገድሉ ላይ ወደ ኋላ ሌላ ታሪክ አለ። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ምግብ ሊቀምስ ተነስቶ ሲጸልይ፣ በመንፈስ ተነጥቆ ወደ አየር ሲወጣ ራሱን ያያል፤ መራሮችና አስፈሪዎች አየሩ ላይ ቆመው እንዳያልፍ ይከለክሉታል። (ጾመኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ነው የመጡበት።) ሾንጋወር ሁለቱን ታሪኮች አዋህዷቸው ይሆናል፤ ድብደባው ከመቃብር ቤቱ፣ አየሩ ከዚህኛው።

ለምን እንጦንስ? ኮልማር አካባቢ ይሄ ቅዱስ ቅርብ ነበር። ኢዘንሃይም በሚባል ብዙም በማይርቅ ቦታ በስሙ የተጠራ ማኅበር መነኮሳት ነበሩ፣ ሥራቸውም ሕሙማንን መንከባከብ ነበር። በተለይ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» የሚባለውን በሽታ። እጅና እግር እንደ እሳት እያቃጠለ ጠቁሮ ይበሰብሳል። መነሻው ራይ በሚባለው እህል ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው፤ በዳቦ ይገባል። ይሄ የሩቅ ዘመን ተረት እንዳይመስላችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ ያው መርዝ ሰው ጎድቷል፣ ገብስ ውስጥ በበቀለ ሲናር በኩል ገብቶ። አጋንንቱ የመነኩሴውን እጅና እግር ሲያጣምሙ የሚያይ የዚያ ዘመን ታማሚ ከእኛ የተለየ ነገር ሳይታየው አይቀርም። ሾንጋወርም ለኢዘንሃይሙ ማኅበር አለቃ ለዣን ዶርሊዬ የመሠዊያ ሥዕል ሠርቶለታል፤ እዚያም ላይ አባ እንጦንስ በቀለም ተስሏል። በኋላ ማቲያስ ግሩነቫልድ ለዚያው ቤት ከ1512 እስከ 1516 በሠራው ትልቅ መሠዊያ ላይ ያው ቅዱስ በአጋንንት ሲንገላታ አለ። ሁለቱም ዛሬ ኮልማር፣ ኡንተርሊንደን ሙዚየም ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ ፈልጉ፤ ፊርማው። የስሙ ሁለት ፊደሎች ኤም እና ኤስ፣ በመሀላቸው መስቀል የሚመስል ምልክት። ህትመት ሲወጣ ሁሉ ነገር እንደ መስታወት ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉን ገልብጦ መቅረጽ ነበረበት። ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ በኋላ ዘመን አልብሬክት ዱረር የሚያህል ዝነኛ ጀርመናዊ ሠዓሊና ቀራጭ ፍየል ላይ ወደ ኋላ ዞራ የተቀመጠችውን ጠንቋይ ሲቀርጽ የስሙን «ዲ» ረስቶ ተገልብጣ ታትማበታለች። ሾንጋወር የቀሩለት 116 ገደማ የመዳብ ቅርጾች ናቸው፣ ሁሉም ይሄ ምልክት አላቸው። ደግሞ ልብ በሉ፦ በመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ የኤም እግሮች ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ እያደር እግሮቿ ወደ ውጭ ተከፈቱ። አባ እንጦንስ ላይ ያለችው ቀጥ ያለችው ናት። የወጣትነት ሥራ ለመሆኑ አንዱ ማስረጃ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው።

«ታዲያ ኦሪጅናሉ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። መዳቡ ነው እንዳትሉ፤ መዳቡ ሥዕሉን አያሳይም፣ የተገለበጠ ቦይ ብቻ ነው። ከሱ የወጣው እያንዳንዱ ወረቀት ኦሪጅናል ነው። ግን እኩል አይደሉም። መዳብ ለስላሳ ነው፣ በተጨመቀና በተጠረገ ቁጥር ቀጫጭኖቹ መስመሮች መጀመሪያ ይደክማሉ፣ ጥላው ይሳሳል። ሰብሳቢዎች ለቀደመው ቅጂ የሚሟሟቱት ለዚህ ነው። ውኃ ያልነካው ወጥ ሌላ፣ ውኃ የተጨመረበት ሌላ።

ኢንግሬቪንግ ከግድግዳ ሥዕል የሚለየው ደግሞ መጓዙ ነው። ተጠቅልሎ ነጋዴ ጓዝ ውስጥ ይገባል። የአባ እንጦንስ ህትመትም ተጉዞ ጣልያን፣ ፍሎረንስ ደረሰ። እዚያ አንድ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ገባ፤ ያመጣለት ግራናቺ የሚባል ታላቅ ጓደኛው ነው። ልጁ ሥዕሉን እንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ገለበጠው። ህትመቱ ቀለም ስለሌለው አጋንንቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖራቸው መወሰን የሱ ፈንታ ሆነ። ምን አደረገ? ዓሣ ገበያ ሄደ። የክንፋቸውን ቀለም፣ የዓይናቸውን ቀለም እያየ ከዚያ አመጣ። ይሄን የሚነግረን ኮንዲቪ ነው፣ ያ ልጅ አድጎ ገና በሕይወት እያለ በ1553 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ። ልጁ ማይክል አንጄሎ ነው።

ያ ሰሌዳ ነው የሚባለው ሥዕል ዛሬ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ኪምቤል ሙዚየም አለ፤ በ2009 ነው የገዙት። እጁ የማይክል አንጄሎ መሆኑን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ፣ ሙዚየሙ ግን የሱ ነው ይላል። ቴክሳስ ያላችሁ ሄዳችሁ ፍረዱ። ሠዓሊው ከሥር መሬት ጨምሯል፣ ሸለቆና ውኃ። እኔ እዚህ ላይ ከማርቲን ጋር ነኝ፤ ባዶው ይሻል ነበር።

መገልበጡን እንደ ስርቆት የምታዩት ካላችሁ ተዉት። ያኔ መማር ማለት መገልበጥ ነበር፤ ህትመቱም የሚሸጠው በከፊል ለዚያ ነው፣ ለሠዓሊ፣ ለአንጥረኛ፣ ለእንጨት ጠራቢ እንደ ናሙና። የኛም አገር ሠዓሊዎች ይሄን መንገድ ያውቁታል። ሮም ውስጥ በ1590 እና 1591 የታተመ የዓረብኛ ወንጌል ነበር፣ የአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጾች ያሉበት። እሱ ኢትዮጵያ ደርሶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኛ ሠዓሊዎች ወንጌል ሲያስጌጡ ሥዕሎቹን እንደ መነሻ ተጠቅመውባቸዋል። ሲገለብጡ ደግሞ የራሳቸው አደረጉት፤ ዓይኑ ሰፋ፣ ጥላው ቀረ፣ ጥቁርና ነጩ ቀይና ቢጫ ሆነ። ከዓሣ ገበያው ልጅ በምን ይለያሉ?

ማርቲን ራሱ ብዙ አልቆየም። በየካቲት 1491 ብራይዛኽ በምትባል ከተማ ሞተ፣ አርባዎቹ መጀመሪያ ገደማ ላይ ሆኖ። ሰዎች «ሸጋው ማርቲን» ይሉት ነበር። ይሄ ከመልኩ ይሁን ከሥራው የመጣ ሁለቱም ያስኬዳል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1492፣ የኑረምበርግ አንጥረኛ ልጅ የሆነ ሌላ ወጣት ሊያገኘውና ከሱ ሊማር አስቦ ኮልማር ደረሰ። ዱረር ነበር፣ ሃያ አንድ ዓመቱ አካባቢ። ሲደርስ ያገኘው የማርቲንን ወንድሞች ነው። ተቀበሉት፣ አስተናገዱት።

ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1517፣ ዱረር ራሱ አውሮፓ የሚያውቀው ሰው ሆኖ፣ በአንድ የማርቲን ንድፍ ላይ በእጁ እንዲህ የሚል ሐሳብ ጻፈ፦ ይሄን ሸጋው ማርቲን በ1470 ነው የሠራው፣ ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለ፤ እኔ አልብሬክት ዱረር ይሄን ሰምቼ ለክብሩ እዚህ ጻፍኩት።